ስታዲየም አካባቢ ያለ የነርቭ ክሊኒክ፦ አባዬ የጠፋበት ቃል እንጂ ሐሳብ አልነበረም

ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለቴ ሄድን፣ ሁለቴም ሊፍቱ አይሠራም። ቀኝ እግሩን የሚጎትት ሰው ይዞ ደረጃ መውጣት ምን እንደሆነ የወጣ ያውቀዋል። አባዬ በየመታጠፊያው ቆም ይላል። በግራ እጁ ብረቱን ይዟል። እኔ ከኋላ ወገቡን ደግፌያለሁ። ሩብ ሰዓት ሊሞላን ምንም አልቀረው። የነርቭ ሕመምተኛ የሚያይ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍቱ መሥራት አለበት። ቅሬታዬን ቀድሜ የተናገርኩት ከዚህ በኋላ የምጽፈው ባብዛኛው ምስጋና ስለሆነ ነው።

የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ስለ ምርመራው ልጻፍ ብዬ ዶክተሯን ጠይቄያት ፈቅዳልኛለች። ስሟ እንዲወጣ ግን አልፈለገችም። ስለዚህ የምነግራችሁ እዚያ ክፍል ውስጥ ስላየሁት ነገር ነው። እንደኛ ያለ ሰው በየቤቱ እንዳለ አውቃለሁ። ድንገት አንደበቱ ተይዞ፣ “ራሱን ስቷል”፣ “አይሰማም”፣ “ጃጅቷል” ተብሎ ጥግ ይዞ የተቀመጠ አባት ወይም እናት። የምጽፈው ለእነሱ ቤተሰቦች ነው።

አባዬ 67 ዓመቱ ነው። ሰዓት ሠሪ ነው። ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቷል። በ2016 አካባቢው ሲፈርስ መፍቻዎቹንና አጉሊ መነጽሩን ሰብስቦ ወደ ቤት ገባ። አራት ኪሎ ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የድሮ ደንበኞቹን ሰዓት ይሠራል። ሰው የሚመጣው ለሰዓቱ ብቻ አይደለም፣ ለጨዋታውም ነው። አንድ ባትሪ ለመቀየር የገባ ሰው ቡና ጠጥቶ፣ የጃንሆይን ዘመን ወሬ ሰምቶ ነው የሚወጣው።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ትንሿ መፍቻ ከእጁ ወደቀች። አነሳት። እንደገና ወደቀች። እማዬ “ምነው?” አለችው። “እ… ያ… ያ…” አለ። ከዚያ በላይ አልወጣውም። የአፉ የቀኝ ጫፍ ዝቅ ብሏል። ጎረቤት ተሰበሰበ። “ምች ነው” ተባለ። ዳማከሴ ታሸለት። ትንሽ ይረፍ ተብሎ አስተኙት። እኔ ከሥራ ተጠርቼ ስደርስ ረፋድ 5 ሰዓት ሆኗል። ነገሩ የጀመረው 2 ሰዓት አካባቢ ነው።

ማንንም አልወቅስም። በፍቅር ነው ያደረጉት። ግን ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር ያዙልኝ። ፊት ድንገት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር በአንድ ጎን ድንገት ከዛለ፣ ንግግር ድንገት ከጠፋ ወይም ከተሳከረ፣ አንዱ ብቻውን ቢመጣ እንኳ፣ ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈስ የሚመጣ ሕመም) ሊሆን ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ያውም ሲቲ ስካን ተነስቶ ደም መፍሰስ እንደሌለ ከታየ በኋላ። ስለዚህ ማረፍ የለም። መኪና ፈልጎ መሄድ ነው። ሰዓቱንም ያዙ። ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ “በደህና የታዩት መጨረሻ ስንት ሰዓት ላይ ነው?” ብሎ ነው።

መጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ ግፊቱ 190 በ110 ተገኘ። ሲቲ ስካን ተነሳ። ደም አልፈሰሰም፣ የደም ሥር ተዘግቶ ነው ተባለ። ተራ ደርሶን ውጤቱ እስኪወጣ ግን ሰዓቱ አልፎ ነበር። ለመድኃኒቱና ለእንክብካቤው አመሰግናቸዋለሁ፣ ሕይወቱ ተርፏል። ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው። አንድ ሐኪም አልጋው ግርጌ ቆሞ “አባት ስምዎ ማነው? ዛሬ ቀኑ ምንድነው? የት ነው ያሉት?” አለው። አባዬ “እ… እ…” አለ። ሐኪሙ ወደ እኛ ዞሮ “ግራ ተጋብተዋል” አለ። ካርዱም ላይ እንደዚያው ተጻፈ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አባዬን የጠየቀው ሰው የለም። በላ ወይ? ለእኛ። አመመው ወይ? ለእኛ። ቤት ስንመለስ እኛም ያንን ይዘን ቀጠልን። ጠያቂ ይመጣል፣ ፊቱ ላይ ተቀምጦ “እንዴት ነው፣ ሰው ይለያል?” ይላል። እማዬ “አይ፣ እንዲሁ ነው” ትላለች። አንድ ቀን በግራ እጁ ጠረጴዛውን በኃይል መታው። ሁላችንም “ሕመሙ ጠባዩን ቀየረው” አልን። ይህን ስጽፍ አሁንም ሆዴን ይበላኛል።

ወደዚህ ክሊኒክ የመራችን የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቀጠሮ በስልክ ነው፣ ስልኩ ግን ቶሎ አይነሳም። ሦስት ቀን ሞክሬ ነው ያገኘኋቸው። ለካርድና ለስፔሻሊስት 1,000 ብር ከፈልን። ካርዱ ለ15 ቀን ያገለግላል። ቀጠሯችን 2 ሰዓት ተኩል ነበር፣ የገባነው 4 ሰዓት ከሩብ ነው። ወንበሩ ጥሩ ነው፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን ጮክ ብሎ ይሰማል።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ “አባባ፣ ስምዎን ይንገሩኝ” አለችው። አባዬ አፉን ከፈተ። “ገ…” አለ። ልጅቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ “ስምዎን ነው!” አለች። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ ቶሎ ብዬ ነገርኳት። ክፋት የለባትም። የነርቭ ክሊኒክ በር ላይ የምትቀመጥ ሰው ግን ቃል ያጣ ሰው በየቀኑ ይመጣባታል። ሊያሠለጥኗት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ከጠረጴዛዋ ተነስታ ወንበሯን ሳበችና አባዬ ፊት ለፊት፣ ጉልበታቸው ሊነካካ እስኪደርስ ቀርባ ተቀመጠች። “እንዴት አደሩ ጋሼ?” አለችው። ለእኔ አይደለም። ለእሱ። አባዬ “እ… እግዜር…” አለና ራሱን ነቀነቀ። ጠበቀችው። እማዬ ልትናገርለት ስትል በእጇ ቀስ ብላ ከለከለቻት። ክፍሉ ውስጥ እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ እኛን ጥቂት ጥያቄ ጠየቀች። በየትኛው እጁ ነው የሚጽፈው? ማንበብና መጻፍ ይችላል? ጆሮው ደህና ነው? መነጽር ያደርጋል? ካደረገ ዛሬ ይዞታል? መጀመሪያ አፉን የፈታው በምን ቋንቋ ነው? በዚህኛው ተገረምኩ። አባዬ አዲስ አበባ የመጣው በ13 ዓመቱ ነው። እስከዚያ ጉራጊኛ ብቻ ነበር የሚናገረው። እስከዛሬ የጠየቀን ሐኪም አልነበረም። ኋላ ላይ እማዬን “የጠየቅኳቸውን እስቲ በጉራጊኛ ይጠይቋቸው” አለቻት። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አንዱ ከሌላው በተለየ መጠን ሊጎዳበት ይችላል አለችን። በአንዱ ብቻ ፈትኖ መወሰን ልክ አይደለም። አባዬ በሁለቱም ያው ነበር፣ ጉራጊኛው ትንሽ ፈጠን አለ እንጂ።

“ያን ቀን የሆኑትን ይንገሩኝ” አለችው።

“ሰኞ… ሥራ… መፍቻ…” ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። “እጅ… እጅ… መውደቅ።”

ይህን ለመናገር ደቂቃ ፈጅቶበታል። ዶክተሯ እያንዳንዷን ቃል ጻፈች። ለእኔ “ልብ ብለሻል?” አለችኝ። “ቀኑ ልክ ነው። የሆነው ነገር ልክ ነው። ቅደም ተከተሉም ልክ ነው። ግራ የተጋባ ሰው እንዲህ አይናገርም።” ከዚያ ያላስተዋልኩትን ነገር አሳየችኝ። አባዬ “ወደቀች” አላለም። “መውደቅ” ነው ያለው። አማርኛ ግሱ ላይ ብዙ ነገር ይጭናል። “አልነገርኳቸውም” ስንል አንድ ቃል ነው፣ ግን ውስጡ እኔ አለሁ፣ እነሱ አሉ፣ አለመሆኑ አለ፣ ያለፈ ጊዜ አለ። አባዬን የከበደው ይህን ማሰር ነው። ስሞቹ ይመጡለታል፣ በግድም ቢሆን። ማሰሪያው ነው የላላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲናገር እሰማዋለሁ። “ሻይ… እኔ… መጠጣት” ይላል። እውነት ነው፣ አልተደናገረም። ሻይ መጠጣት ፈልጎ ነው።

ቀጥሎ መስማትና መረዳቱን አየች። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች። “በእጄ ሳላውቅ እንዳልጠቁማቸው ነው” አለች። ሰው ሳያውቀው በዓይኑም በእጁም ይመራል፣ ሕመምተኛው ደግሞ ቃሉን ሳይረዳ ምልክቱን አይቶ ሊታዘዝ ይችላል። “ዓይንዎን ይጨፍኑ።” ጨፈነ። “ይግለጡ። ምላስዎን ያውጡ።” አወጣ። “በግራ እጅዎ ቀኝ ጆሮዎን ይንኩ።” ነካ። “መጀመሪያ በሩን ያሳዩኝ፣ ከዚያ መስኮቱን፣ ከዚያ ልጅዎን።” በር፣ መስኮት፣ እኔ። እኔ ላይ ሲደርስ ጣቱን አላወረደም። ያዝኩለት።

ከዚያ አዎና አይደለም። “ይህቺ ልጅዎ ናት?” ነቀነቀ። “ይህቺ እህትዎ ናት?” በጭራሽ እንደማለት ራሱን ወዘወዘ። “ድንጋይ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል?” ሳቀ። ከታመመ መጀመሪያ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። ጥያቄውን እየገለባበጠች የምትጠይቀው በምክንያት ነው። አፌዥያ፣ ማለት አንጎል ተጎድቶ ቋንቋ የሚነካበት ችግር፣ ያለበት ሰው አንዳንዴ አይ ለማለት ፈልጎ አፉ “አዎ” ይለዋል። አንዴ ጠይቆ ማመን አይበቃም። ይህንን እኛ ቤት በየቀኑ እንጠቀምበታለን።

ሁሉንም አለፈ ማለት አይደለም። “አንበሳውን ነብሩ ገደለው። የሞተው ማነው?” አለችው። አሰበ። “ነብር” አለ። ደገመችለት። “ነብር” አለ። አላረመችውም። ለእኔ ግን ገለጸችልኝ። ዓረፍተ ነገሩ ቀጥ ሲል ይረዳል፣ ቃላቱ ቦታ ሲቀያየሩና ትንሿ “ን” ትርጉሙን ስትወስን ግን ያመልጠዋል። ስለዚህ “ሁሉ ይገባዋል” ብላችሁ ረጅም ነገር አትጫኑበት አለችን። በአጭሩ፣ በቀስታ፣ አንድ በአንድ።

ከዚያ ሰዓቷን አወለቀች።

እሷ የአባዬን ሙያ ገና አላወቀችም። ለሁሉም የምታደርገው ነው። “ይህ ምንድነው ጋሼ?” ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። “ሰ… ሰ… ሰዓት።” “ጎበዝ። ይህስ?” ማሰሪያውን አሳየችው። ዝም። “ይህስ?” መስታወቱን። ዝም። “ይህስ?” በጎን ያለችውን መሙያ። ዝም። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከ30 ዓመት በላይ ጣቱ ላይ የኖረ ነገር ነው። እኔ ማየት አቅቶኝ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

አባዬ ግራ እጁን ዘረጋ። ሰዓቱን ወሰደ። ጆሮው ላይ አደረገው። ግድግዳ ላይ ያለውን ትልቅ ሰዓት አየ። መልሶ በእጁ ያለውን አየ። ከዚያ ሰዓቱን ጭኑ ላይ አስደግፎ መሙያውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ሳብ አደረገና ቀስ እያለ አዞረ። ጫን አድርጎ መለሰው። ለዶክተሯ ሰጣት። ስልኳን አውጥታ አየች። “አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር” አለች። እማዬ “ሰዓት ሠሪ ነው እኮ” አለቻት እያለቀሰች።

ዶክተሯ ይህንንም ጻፈችው። ዕቃውን ያውቁታል፣ አሠራሩን ያውቁታል፣ ስሙ ነው እምቢ ያላቸው አለች። ከዚያ ማሰሪያውን እንደገና ይዛ “ማ…” አለችው። “ማ… ማሰሪያ!” አለ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ስትሰጠው ቃሉ ወጣ። ቃሉ አልጠፋም፣ መንገዱ ነው የተዘጋው ማለት ነው። የሰዓት ክፍሎችን የምትጠይቀው ደግሞ “ሰዓት” ከሚለው ቃል ይልቅ “ማሰሪያ” በቀን ውስጥ ብዙ ስለማይነገር ነው። ቀላል ችግር ያለበት ሰው ዋናውን ስም ብሎ ያልፍና ክፍሎቹ ላይ ይያዛል። ብዕር አሳይቶ “ደህና ነው” ብሎ መሸኘት ሰው ያስመልጣል።

ማስደገሙን በአጭሩ ልለፈው። “ልጅ” ሲባል “ልጅ” አለ። “ትናንት ማታ ከባድ ዝናብ ዘነበ” ሲባል “ማታ… ዝናብ” ብሎ ቀረ።

ጽሕፈቱ ግን ብዙ አስተማረኝ። እስከዚያ ቀን እኔ የመሰለኝ “ምላሱ ተሳስሯል፣ ጡንቻው ነው” ነበር። ዶክተሯ ወረቀትና ብዕር ሰጠችው። ቀኝ እጁ ደካማ ስለሆነ በግራው። ስሙን ጻፈ፣ ፊደሉ ተንጋዶም ቢሆን። “ስለ ሥራዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ” አለችው። “ሰዓ” ብሎ ቆመ። ብዙ ቆይቶ “ሥራ” ጨመረበት። በቃ። ችግሩ የአፍ ጡንቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአፉ ያቃተውን በጽሑፍ ጥርት አድርጎ ይነግረን ነበር አለች። ድምፁ የተኮላተፈ ሰው ቋንቋው ሙሉ ነው፣ የሚወጣበት በር ነው የተበላሸው። የአባዬ ግን ራሱ ቋንቋው ነው የተነካው፣ ስለዚህ በአፍም በእጅም ያው ነው። እኛ ከአሁን በፊት “ያልቻልከውን ጻፈው” እያልን ስናስጨንቀው ነበር። ሲያቅተው ደግሞ “አየሽ፣ ጭራሽ ጠፍቶበታል” እንል ነበር።

ከዚያ “ከአንድ እስከ አሥር ይቁጠሩልኝ” አለችው። “አንድ” ብላ ጀመረችለት። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… አሥር ደረሰ፣ ሳያቆም። እኔና እማዬ ተያየን። “ጸሎት ይችላሉ?” አለችው። አባዬ አንገቱን ደፋ አድርጎ “አቡነ ዘበሰማያት ይትቀደስ ስምከ” ብሎ ጀመረ። ጀምሮም ጨረሰው። እስከ አሜን። ድምፁ የድሮው ድምፁ ነበር። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። “ዳነ” አለች።

ዶክተሯ እጇን ያዘቻትና እውነቱን ነገረቻት። በልጅነት በቃል የተያዘ ነገር፣ ቁጥር፣ የቀን ስም፣ ጸሎት፣ መዝሙር፣ በአንድ ላይ ተያይዞ የሚወጣ ነው። አዲስ ዓረፍተ ነገር ከመሥራት ይለያል። ስለዚህ ጸሎት ማለቱ ድኗል ማለት አይደለም። ጸሎት ብሎ ሻይ መጠየቅ ሲያቅተውም እያስመሰለ አይደለም። ይህን መስማት ያስፈልገን ነበር። አንድ ዘመዳችን “ሲፈልግ ይናገራል፣ እልህ ነው” ብሎ ያውቃል።

የቀረው እንደ ማንኛውም የነርቭ ምርመራ ነው። ፈገግ አስባለችው፣ እጁን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲቆይ አደረገች፣ ቀኝ እጁ ቀስ እያለ ወረደ። ጉልበቱን በመዶሻ መታ መታ አደረገች። ውሃ በትንሹ አስጎነጨችው፣ ትን እንዳይለው ለማየት። እኛ ይህን አልጠየቅንም ነበር። ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ እየገባ የሚጎዳው የስትሮክ ሕመምተኛ አለና ተገቢ ነው። መተኛት መቻሉን፣ ማልቀስ መብዛቱን በአዎና በአይደለም ጠየቀችው። ከዚህ ሕመም በኋላ ድባቴ እንደሚበዛ፣ መናገር የማይችል ሰው ደግሞ ለማንም እንደማይነግር ነገረችን።

በመጨረሻ የሲቲ ስካኑን ፊልም ብርሃን ላይ አስደግፋ የአንጎሉን የግራ ግንባር ክፍል በጣቷ አሳየችን። ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙ ሰዎች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ቋንቋቸው ያለው በግራ በኩል ነው። የፊቱ ቀኝ ጎን፣ ቀኝ እጁና ንግግሩ አብረው የተያዙት ግራው አንጎል ላይ የሚታዘዙባቸው ቦታዎች ጎን ለጎን ስለሆኑ ነው፣ የሚመግባቸውም ያው የደም ሥር ነው። ካርዱ ላይ የጻፈችው የብሮካ አፌዥያ ብላ ነው። ብሮካ ማነው ብዬ ጠየቅኳት። ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ፓሪስ አጠገብ አንድ ሕመምተኛ አየ። ሰውየው የሚሉትን ይረዳል፣ ከአፉ የሚወጣው ግን ባብዛኛው “ታን” የምትል ድምፅ ናት። ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መረመረ። ጉዳቱ የግራ ግንባር ላይ ነበር። በ1874 ደግሞ ካርል ቬርኒከ የሚባል ጀርመናዊ ተቃራኒውን ጻፈ። አንደበታቸው እንደ ውሃ የሚፈስ፣ የሚሉት ግን ትርጉም የማይሰጥ፣ የሌላውንም ንግግር የማይረዱ ሰዎችን። እነዚያን ነው እንደ እብድ የሚቆጥሯቸው አለችኝ። እኔ ከዚያ ወዲያ ያሰብኩት ስለዚያ ፓሪስ ስላለው ሰውዬ ነው። በአንዲት ድምፅ ዓመታት መኖር።

ምርመራው 50 ደቂቃ ፈጀ። ውጭ ያለው ሰልፍ ያማረራል፣ እኔም ስጠብቅ አማርሬያለሁ። ምክንያቱ ገብቶኛል። መናገር ያቃተውን ሰው በአምስት ደቂቃ ማየት አይቻልም። ዝምታው ራሱ አምስት ደቂቃ ይወስዳል።

ለቤት የሰጠችንን ምክር እንዳለ እጽፈዋለሁ። ስታናግሩት ቴሌቪዥኑን ዝጉ። አንድ ሰው ብቻ ይናገር። አትጩኹ፣ ጆሮው ደህና ነው። ቃሉን አትንጠቁት፣ በሆዳችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ካቃተው የመጀመሪያዋን ድምፅ ስጡት። በእጁ ያሳይ፣ ይሳል፣ ወረቀት አጠገቡ ይሁን። ፊቱ ላይ ስለ እሱ አታውሩ። መዝሙር አብራችሁ ዘምሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ጀምሮ ልምምድ ማድረግ ይረዳል፣ ከዚያ በኋላም ቀስ እያለ ለውጥ ይመጣል አለች። የግፊቱን መድኃኒት ደግሞ አንድም ቀን እንዳታስረሱት ብላ ሁለቴ ደገመችው። ግፊቱ ካልተያዘ ሌላ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል።

ጉድለቱን ልናገር። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ክሊኒኩ ውስጥ የለም። ችግሩን እንዲህ አጥርቶ የሚያገኝ ቤት ቀጣዩን ደረጃ ለቤተሰብ መተው የለበትም። ዶክተሯ የልምምድ ወረቀት በእጇ ጽፋ ሰጠችን። ፈልጉ፣ ጠይቁ አለችን። እየፈለግን ነው። ውጤት በጽሑፍ ስጠይቅም አንድ ገጽ ለማግኘት ሁለት ቀን ተመላልሻለሁ። ኮከብ ስጪ ብትሉኝ ለዶክተሯ አምስት፣ ለእንግዳ መቀበያው ሁለት፣ ለሊፍቱ ምንም።

በ12ኛው ቀን ለክትትል ተመለስን። እንግዳ መቀበያው ላይ ያው ልጅ ነበረች። “ስም?” አለች። እኔ ልመልስ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ከኋላችን አራት ሰው ተሰልፏል። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አባዬ ጠረጴዛውን በግራ እጁ ያዘ። “ገ…” አለ። ቆጠርኩ። ስድስት፣ ሰባት። “ገብሬ” አለ። ልጅቷ ጻፈች። “የአባት?” አለችው ቀና ብላ፣ አሁን ድምጿን ሳታነሳ። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። የአባቱን ስም ነገርኳት።

ለምትሄዱ፦ መነጽር ካለው መነጽሩን፣ የሲቲ ስካኑን ፊልም ከነወረቀቱ፣ የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ ያዙ። የመጀመሪያ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ካለ አብሮ ይምጣ። ማክሰኞና ሐሙስ ሰው ያንሳል። በባቡር ከመጣችሁ ስታዲየም ውረዱ፣ ከዚያ አጭር መንገድ ነው። ደረጃውን ለመውጣት ተጨማሪ ሩብ ሰዓት ያዙ።